መቼ ነው የሚጥሉት?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ተረቱን የተረተው ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ነገር ዘንግቷል። እንቁላሉ በእግሩ ከመሄዱ በፊት አንዲት ዶሮ ልትጥለው ይገባል። ከመጣሏ በፊት ስላለው ጊዜ፣ ማለትም ባለቤቱ ጓሮ ዱካ ላይ ተቀምጦ የዶሮ ጭራ ጭራ እያየ ስለሚያረጅበት ጊዜ፣ አበው ምንም ያሉት ነገር የለም። እነሱም ደክሟቸው ይሆናል።

እኛ መጠበቅ አንችልም ማለቴ አይደለም። እንችላለን። ባጃጅ እንጠብቃለን፣ ውሃ እንጠብቃለን፣ ደመወዝ እንጠብቃለን፣ ዝናብ ሲዘገይም የጭላሎን ተራራ ቀና ብለን እያየን እንጠብቃለን። የማንችለው ዝም ብሎ መጠበቅን ነው። ሕፃን ገና ሳይጠነክር «መቼ ነው የሚሄደው?» እንላለን። ሄደ። «መቼ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው?» ገባ። «መቼ ነው የሚመረቀው?» ተመረቀ። ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቤታችሁ የተመረቀ ልጅ ካለ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

እኔ ቤት አንዲት አለች። ሜሮን ትባላለች፣ የመጨረሻ ልጄ ናት። በሥራ አመራር ተመርቃ ከመጣች ወዲህ የምትመራው ሥራ አላገኘችም። አሰላ ውስጥ ማመልከቻ ያላስገባችበት ቦታ የለም፤ አዳማ ድረስ ሄዳም ተፈትናለች። ጋዋን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ከሥሩ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ፎቶውን፣ ዝቅ ብሎ ልጅቷን ያይና «አሁንም ሥራ አልተገኘም?» ይላል። በክፋት አይደለም፤ ሰላምታ መስጠቱ ነው። እኔም አባቷ ማታ ማታ ይህንኑ ሰላምታ እሰጣት ነበር።

አንድ ቀን ሜሮን ዐረብ አገር ልትሄድ መሆኑን ነገረችን። አብሮ አደጓ እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሷ ናት መንገዱን ያሳየቻት። ፓስፖርቷን አውጥታ፣ የጤና ምርመራዋን ጨርሳ ነው የነገረችን። የቀራት ቪዛው ብቻ ነበር። እናቷ ጥሩወርቅ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ከማልቀስ የባሰ ነገር አደረግሁ፤ ሐሳብ አመጣሁ።

ሐሳቤ ዶሮ ነበር። ዐሥራ ሁለት ቄብ እገዛልሻለሁ አልኳት። ቪዛሽ ሳይመጣ እንቁላል ከጀመሩ እሱን መነሻ አድርገሽ እዚሁ ትሠሪያለሽ። ካልጀመሩ መርቄ እሸኝሻለሁ፤ አንድም ቃል አልናገርም። ሜሮን ትክ ብላ አየችኝና «እሺ አባዬ» አለች። ቄብ ማለት፣ ከተሜ ሆናችሁ ባታውቁ አልፈርድባችሁም፣ ጫጩትነቷን ጨርሳ ገና እንቁላል ያልጀመረች ዶሮ ናት። እንግዲህ የልጄ መሄድና መቅረት እንቁላል ምን እንደሆነ ገና በማያውቁ ዐሥራ ሁለት ልጃገረዶች ላይ ወደቀ።

ዕድሜዬን ሙሉ እርሻ መሥሪያ ቤት ስለሠራሁ ሰው ሁሉ ዶሮ የማውቅ ይመስለዋል። የሠራሁት ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ስለ ጎማና ስለ ማዳበሪያ ጆንያ ጠይቁኝ። በሥራዬ ላይ ዶሮ ያጋጠመችኝ በዓመት በዓል ግብዣ፣ ሰሐን ላይ ነው።

ቄቦቹ የመጡት ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። የኛን ክረምት የማታውቁ ካላችሁ፣ ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ጓሮ ይገባል፤ ፀሐይን በወሬ ካልሆነ አናውቃትም። ከማገዶ መደርደሪያው ጎን ቆጥ ያለው ቤት ሠራሁላቸው። ሜሮን ስልኳ ላይ ያነበበችውን ነገረችኝ። የእንቁላል ጣይ መኖ ያስፈልጋቸዋል። ውሃቸው በየቀኑ ይቀየር። ቅርፊቱ እንዲጠነክር የእንቁላል ቅርፊት ተወቅጦ ይሰጣቸው። መጣያቸው ጨለም ያለ ሣጥን ይሁን፣ ገለባ ይነጠፍበት። «ከሁሉም በላይ ግን አባዬ፣ አታስቸግሯቸው» አለችኝ። «ቄብ ጸጥታ ትፈልጋለች። ነካ ነካ ሲያደርጓት ትዘገያለች።»

መኖውን ገዛሁ፣ ሣጥኑን ሠራሁ፣ የገብስ ገለባ አነጠፍኩ። ጸጥታውን ግን ከየት ላምጣላቸው?

መጀመሪያ የመጡት እማማ ዘነበች ናቸው። የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ በዶሮ ጉዳይ የሰፈሩ ዳኛም እሳቸው ናቸው። የዳኝነታቸው መሣሪያ የቀኝ እጃቸው ጣት ነው። ጠዋት ጠዋት ቄቦቹ ሳይለቀቁ ይመጡና አንድ በአንድ እየያዙ እንቁላል መንገድ ላይ መኖር አለመኖሩን ይዳብሳሉ። የቆየ ዘዴ ነው፣ አልነቅፈውም። በምትጥል ዶሮ ላይ ይሠራል፤ የዛሬዋን ባለተራ ለይቶ ቤት ለማዋል ይጠቅማል። ገና ያልጀመረች ቄብ ግን በየጠዋቱ ስትዳበስ ምን እንደሚሰማት ለማወቅ ዶሮ መሆን አያሻም።

«የለም፣ ገና ናቸው» ይሉኛል እጃቸውን እየታጠቡ። ከዚያ ወደ ሜሮን ዞር ይሉና «አንቺስ ልጄ፣ እስካሁን ምንም?»

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ ያለ ሁሉ አንድ ምክር ጥሎልን ሄደ። ፌጦ በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው የሚል ነበር፤ አጠጣን። አምፖል ስቀሉላቸው የሚል ነበር፤ ሰቀልን፣ መብራቱ እንደ ልማዱ ሄደ። አንድ እንቁላል ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡላቸው፣ አይተው ይማራሉ የሚልም ነበር። ዐሥራ ሁለት ዶሮ ያለው ሰው ሱቅ ሄዶ አንዲት እንቁላል ሲገዛ ባለሱቁ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር አልገልጽላችሁም። አስቀመጥኩላቸው። ከበው አዩዋት፣ ወጓት፣ ከዚያ በሏት።

ሐጂ አማን ደግሞ ከማዶ መጡ። የስንዴ ነጋዴ ናቸው፤ ለብዙ ዘመን ወዳጅ ነን። ቆጡን ዞረው ዞረው አዩና ፈረዱ።

«ኦቦ ታደሰ፣ በሩን ወደ ጭላሎ አድርገኸው ብርዱ ይመታቸዋል እኮ። ወደ ዴራ አዙረው። ሙቀት የሚመጣው ከዚያ ነው።»

ዴራ ቆላ መሆኑ እውነት ነው። ሙቀቱ ተሳፍሮ እዚህ ድረስ መምጣቱን ግን እጠራጠራለሁ። ቢሆንም አዞርኩት። በማግስቱ እማማ ዘነበች አይተው «ይሄ ምን ይባላል?» ብለው መልሰው አስዞሩኝ። ሣጥኑም አብሮ ዞረ፣ ገለባው ተበተነ፣ ቄቦቹ ማገዶው ላይ ወጥተው በኀዘን ተመለከቱን። ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ ለሐጂ ስነግራቸው ጎንበስ ብለው የተበተነውን ገለባ ይሰበስቡ ጀመር። የሳቸው ልጅ ዐረብ አገር ከሄደች ሰንብታለች። ትደውላለች። ስትደውል ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀዋት አያውቁም።

በዚህ መሀል ሻንጣ ተገዛ። ሰማያዊ ነው፣ ትልቅ፣ ጎማ ያለው። ጓሮ በኩል የምትከፈተው ጓዳ ውስጥ ጥግ ላይ ተጋደመና የታሰበው ነገር ቀስ እያለ እንዲጨመርበት ክዳኑ ክፍት ተተወ። ሜሮን ልብሶቿን ከተተች። ጥሩወርቅ ከላይ የጨመረችው ጋቢ ነው። በረሃ ለምትሄድ ልጅ።

«እማዬ፣ እዚያ እኮ ያቃጥላል» አለቻት።

«ሌሊት ይበርዳል» አለች ጥሩወርቅ።

የአሰላ እናት ሌሊቱ የማይበርድ አገር መኖሩን አታምንም። ሜሮንም አልተከራከረችም፤ ጋቢው እንደተነጠፈ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጓዳዋን ሸሸናት። ጥሩወርቅ ሻንጣውን ካየች ቀኗን ሙሉ ታለቅሳለች። እኔ መዶሻዬ እዚያው ቀርቶ ከሐጂ መዶሻ እየተዋስኩ ከረምኩ። የጓዳዋ በር ከድሮም አይገጥምም፤ ገርበብ እንዳለ ይውል ነበር።

ዓመቱ ተለወጠ፣ መስቀል አለፈ፣ እንቁላል የለም። እማማ ዘነበች የመጨረሻ ፍርዳቸውን ሰጡ። «መካን ናቸው፣ እረዷቸው» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያ ወዲያ ጠዋት አልመጡም። ሌላውም መካሪ ሲሰለቸው ቀረ። እኔም ደከመኝ። ዶሮ ብቻ አይደለም ያደከመኝ። ልጄን ለማስቀረት ያለኝ አቅም ዐሥራ ሁለት ቄብ መሆኑ ነው ያደከመኝ። ዱካዬን አንስቼ ሳሎን ገባሁ፤ ፎቶው ሥር ተቀመጥኩ። መኖና ውሃ የምትሰጣቸው ሜሮን ብቻ ሆነች፤ እሷ ደግሞ ሰጥታ ዞር ነው። አንዳንድ ቀን ከጓሮ የጩኸት ድምፅ እሰማለሁ። ጭልፊት ነው እልና ድንጋይ ወርውሬ እመለሳለሁ።

ጥቅምት ላይ ስልክ ተደወለ። ቪዛው መጥቷል፤ ጉዞው ሰኞ ነው። ሜሮን «እሺ» ብላ ዘጋችውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጥሩወርቅ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔ እንደ ቃሌ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ልጄ ሻንጣዋን ልታመጣ ወደ ጓዳ ሄደች።

ቆየች። ከዚያ «አባዬ» አለች። አልጮኸችም።

ሄድኩ። ሻንጣው ውስጥ፣ ጋቢው ላይ፣ አንዷ ቄብ ተቀምጣለች። ሳያንኳኩ ቢሮው እንደገቡበት ሹም ገልመጥ አደረገችን። ደግሞ አልተነሳችም። ሜሮን በቀስታ ጎንበስ ብላ የጋቢውን ጫፍ ስትገልጠው እንቁላል ነው። ከእጥፋቱ ውስጥም እንቁላል ነው። ከልብሶቿ መሀል፣ ከአዲሱ ጫማዋ ውስጥ ሳይቀር እንቁላል ነው። ስንዞርና ስናዞር የከረምነው ሣጥን ባዶውን ተቀምጦ፣ እነሱ በግቢው ውስጥ ማንም የማይነካውን አንድ ቦታ ፈልገው አግኝተዋል።

ደስ አለኝ። እንቁላሎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ገባኝና ቆጠራዬን አቆምኩ። ይህን ያህል እንቁላል ባንድ ቀን አይጠራቀምም። ባንድ ሳምንትም እንጃ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሻንጣውን የከፈተው ሰው የለም ማለት ነው። እኔ ለምን እንዳልከፈትኩት አውቃለሁ፣ ጥሩወርቅ ለምን እንዳልከፈተችው አውቃለሁ። ሻንጣው ግን የሜሮን ነው። ለመሄድ የቸኮለች ልጅ በየቀኑ እየከፈተች አንድ ነገር ትጨምርበታለች፣ አንድ ነገር ታወጣለች። የኔ ልጅ ከሐምሌ ወዲህ ወደ ጓዳዋ ዝር አላለችም።

መሄድ አልፈለገችም ነበር። ከኛ ጥያቄ ነበር የምትሸሸው። ከኔ ጭምር። «ነካ ነካ ሲያደርጓት ትዘገያለች» ስትለኝ ስለ ቄብ ብቻ የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር።

ውላችንን ላስታውሳት አፌን ከፈትኩ። «ታዲያ ሰኞስ?» ልላት ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ይቺን ዝምታ ለመማር ዐሥራ ሁለት ዶሮና አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ከብዙ ሰው ፈጥኛለሁ ብዬ እጽናናለሁ።

«አሁን ቦታውን ከነካንባቸው ይተዋሉ» አለች ሜሮን፣ ዶሮዋን እያየች።

«ይተዋሉ» አልኩ።

«ሌላ ሻንጣ ደግሞ የለኝም።»

«የለሽም» አልኩ።

እንቁላሉን በቀሚሷ ሰበሰበች። አንዷን ጋቢው ላይ ትታ ወጣች፤ ዶሮ ወደ ለመደችው ቦታ እንድትመለስ አንዷ ሁልጊዜ ትቀራለች። ጥሩወርቅ ማድ ቤት ውስጥ ሆና ልጇ ቀሚሷን ሙሉ እንቁላል ተሸክማ ስትገባ አይታ ዳግመኛ አለቀሰች።

ሰኞ መጣ። ሰኞ ሄደ። ሻንጣው አልተነሳም።

ወሬው ግን በእግሩ ሄደ። እማማ ዘነበች እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ፤ «እኔ እኮ ብያችሁ ነበር» አሉ፤ ምን ብለውን እንደነበር ሁላችንም ረሳነው። ሐጂ አማን ጓዳው በር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመው ሻንጣውን አዩ። ምክር ይሰጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠርገው «የኔዋንም ረቢ ይጠብቃት» ብለው ሄዱ። የሌላው ሰው ምክር ግን እንደ ጉድ ጎረፈ። ሻንጣው መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ጋቢው ይታጠብ፣ ክዳኑ ይነቀል።

ትናንት ደግሞ አንድ የሩቅ ዘመድ መጣ። ሳሎን ገብቶ ቀና ብሎ ፎቶውን አየ፤ ዝቅ ብሎ ሜሮንን አየ። እሷ እንቁላል እየጠረገች መኖ ስለምታገኝበት ቦታ በስልክ ታወራለች። ዘመዳችን አፉን ሲከፍት አወቅሁት። ብዙ ዓመት የተናገርኩት ቋንቋ ነው።

«ይቺ ልጅ ታዲያ መቼ ነው…»

ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት። ጓሮ ወስጄ ማገዶው ላይ አስቀመጥኩት፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉም ከጭላሎ እየወረደ ነበር። ምን እየጠበቅን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ምንም» አልኩት። «ዝም ብለን እንቀመጥ።»