እትዬ ቆዩ እና ገና ያልተሠራው ሞተር

ሰው ሁሉ ሲጣደፍ በር ላይ ቆሞ «ቆዩ!» የሚል አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ከነበረም ተቃጥሏል።

የእኛ የሞተር ፋብሪካ ይህን ሥልጣን የሰጠው ለክብርት እትዬ ቆዩ ነው። ደመወዝ መዝገብ ላይ ሌላ ስም አላቸው፤ የሚያስታውሰው ግን የለም። ሥራቸው ሞተር ከመሠራቱ በፊት በኮምፒውተር ማሽከርከር ነው። ሞተሩን ስክሪን ላይ ሰማንያ ሺህ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘን አድርገው ይከትፉታል፤ ፕሮግራሙ በእያንዳንዷ ቁራጭ ምን ያህል የማግኔት ኃይል እንደሚያልፍ ያሰላል። ከዚያ የሚዞረውን ክፍል ግማሽ ዲግሪ ገፋ፣ እንደገና ስሌት፤ ግማሽ ዲግሪ ገፋ፣ እንደገና ስሌት። አንድ ዙር እስኪሞላ እኛ ምሳ በልተን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን እንመለሳለን።

«እትዬ፣ አሁንስ ዞረ?»

«ዞሯል። ግን አላመንኩትም» ይሉና ቁርጥራጮቹን የባሰ አድቅቀው ከዜሮ ይጀምራሉ።

ሽቦ ጠምጣሚዎቹ ሥራ ፈተው ሲያጉረመርሙ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» ተረቱ ለእኛ ፋብሪካ የተተረተ ነው የሚመስላቸው። አንድ ጠዋት ሊፍት ውስጥ ገብተው ጆሯቸውን ጣል አደረጉና «ይኼ ሞተር ወደ አንድ ጎን ያደላል» ብለው ወጡ። አምስት ፎቅ በእግራችን አስኬዱን። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ሊፍቱ ውስጥ ተቀርቅረው ዋሉ።

ከዚያ ለአንድ ሆስፒታል የውሃ ፓምፕ የሚሆኑ የሃያ ሞተሮች ትእዛዝ መጣ። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በጥድፊያ።

«እትዬ፣ ከክቡ ሩቡን ብቻ ያሽከርክሩት» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ሌላው ተመሳሳይ ነው፤ ጊዜ የለንም።»

«መመሳሰሉን ማን አረጋገጠ?» አሉና ሙሉውን ክብ አዞሩት። አራት ቀን ፈጀ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ሆኜ አማኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ስክሪኑን ወደ እኛ መለሱት። በሚዞረውና በማይዞረው መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተት በአንድ ጎን ቀልታለች። የሚዞረው ክፍል ከመሃል ፈቀቅ ብሏል። «ማግኔቱ ሁልጊዜ ወደዚህ ይስበዋል» አሉ። «ሦስት ወር ሳይሞላ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላዋል። ከዚያ ሆስፒታሉ ውሃ የለውም።»

«የማን ስህተት ነው?» ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መቱ።

አንዲት ቁጥር ነች። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ስሜ ንድፉ ጥግ ላይ ተጽፏል፤ እትዬ አይተውታል።

«የእኛ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ሁለት ቀን ስጡን።»

ኮሪደሩ ላይ ተከተልኳቸው። «እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ…»

«አውቃለሁ። ወንበርህን ይዘህ ና፣ አብረን እናስተካክላለን።»

ሃያዎቹም ሞተሮች በሰላም ይዞራሉ። ወንበሬም እሳቸው ክፍል ከገባ ይኸው ሦስት ዓመቱ። ሥራ አስኪያጁ አንዳንዴ ብቅ ይሉና «አንተ ልጅ፣ ወደ ቦታህ አትመለስም?» ይሉኛል።

ቦታዬ ላይ ነኝ እላቸዋለሁ።