በጌም የሚስል ሙሽራ

ሰዓሊ ሲባል ሸራና ቡሩሽ የተሸከመ ሰው ይታያችኋል፣ አይደል? የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ጎረቤቴ ዳዊት ግን የሚስለው በእጅ በሚያዝ የጌም ኮምፒውተር ነው። እንጦጦን የሚያህል ተራራ ኪሱ ከትቶ ይዞራል!

ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ላከን። የልጅቷ አባት፣ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ። እኔም እንደ ወጉ ቆሜ፣ ዳዊት የሳቸውን መልክ የሳለበትን ጌም አቀረብኩላቸው። ምን ልበላችሁ፣ ቱግ አሉ።

«በመጫወቻ ትዳር ይያዛል? ለማንኛውም ጌሙ እኔ ጋ ይቀመጥና ሥዕሉን ላጥናው» ብለው ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን።

ስንመለስ ከጌሙ ላይ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉን። አመስግነን እጃችንን ወደ ጌሙ ዘረጋን።

«ልጄን ሰጠኋችሁ፤ እሱን ደግሞ ምን አስቸኮላችሁ? ገና አራተኛው ደረጃ ላይ ነኝ!»