የአክስቴ ጠቅላላ ውክልና

ሰውን በደንብ ማወቅ ከፈለጋችሁ ውክልና ስጡት። ሹመት አላልኩም። ሹም እንኳ የሚገመግመው አለው፤ ወኪል ግን በላዩ ያለችው አንዲት ማኅተም ናት... እሷም ኪሱ ውስጥ ነች። ይህን የማውቀው ከራሴ ነው።

አክስቴ እትዬ አስካለ ማጂ ልጇ ዘንድ ከሄደች ወዲህ ሚዛን ተፈሪ ያለውን ቤቷን የምጠብቀው እኔ ነኝ። መጠበቅ ማለት በጨዋ አነጋገር በነፃ መኖር ማለት ነው። አንድ ቀን ደወለችና፣ "እኔ እንግዲህ ከልጅ ልጆቼ ተለይቼ አልመለስም። ቤቱን ሽጥልኝ፤ ውክልናውን በሰው ልኬልሃለሁ" አለችኝ። ወረቀቱ ደረሰ። አናቱ ላይ በደማቁ "ጠቅላላ የውክልና ሥልጣን" ይላል። ጠቅላላ! ከዚህ በኋላ የታችኛውን ማንበብ ለምኔ?

ከዚያች ቀን ጀምሮ አረማመዴ ተለወጠ። ሻይ ቤት ስገባ ወረቀቱን በላስቲክ እንደጠቀለልኩ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ። "ምንድን ነው እሱ?" የሚል ሰው እስኪመጣ ሻዬን ቀስ ብዬ እጠጣለሁ፤ ካልመጣ ሌላ ሻይ አዛለሁ።

ገዢ ለማግኘት አልደከምኩም። ሻይ ቤት የማውቃቸው ጋሽ ታደሰ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ጥድፊያ ላይ ናቸው። የሙሽሪት ሽማግሌዎች ከቴፒ መጥተው ሁሉን እሺ ካሉ በኋላ አንድ ነገር ላይ ድርቅ ብለዋል፦ "ልጃችን የምትገባበትን ቤት ሳናይ ሠርግ የለም።" የእኛ አገር ሽማግሌ ደግሞ ቤት ሲያይ እንዲሁ አያይም። ምሰሶ ያንኳኳል፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ አንጋጦ ይመረምራል፣ ጓሮ ዞሮ የቡናውን ቅጠል ይገለብጣል። የሚያዩት ቤት ካልተገኘ ሠርጉ ይቀራል።

"ቤቱ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?" አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

"ምን ሰው አለ፣ ባዶ ነው" አልኳቸው።

"የመሸጥ ሥልጣኑስ አለህ?"

ላስቲኩን ብቻ ፈታሁ።

ተያይዘን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። የሰነድ ሠራተኛዋ ወረቀቴን እኔ ካላነበብኩበት ከታች በኩል ጀምራ አነበበችው።

"በዚህ መሸጥ አትችልም።"

"ጠቅላላ ይላል እኮ!"

"ጠቅላላ ማለት ማስተዳደር ነው። ለመሸጥ ከሆነ 'ቤቴን እንዲሸጥልኝ' ብላ ለይታ መስጠት አለባት። የት ላይ አለ?"

ፊቱን ባይ፣ ጀርባውን ባይ... የለም።

"ታዲያ ምን መሸጥ እችላለሁ?"

"የጓሮውን ቡና።"

ያን ሁሉ ሻይ የጠጣሁት ለዚህ ነው! ተናድጄ እትዬ ዘንድ ደወልኩና ስልኩን ለሠራተኛዋ አቀበልኳት። "አስካለ ነኝ፣ ይሽጥ ብያለሁ!" የሚለው ድምፅ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ሠራተኛዋም በትሕትና፣ "እማማ፣ በስልክ አይሆንም። እዚያው ፍርድ ቤት ሄደው ልዩ ውክልና ይስጡና ይላኩልን" አለቻት። ይላኩ! በምን ይላኩ? የማጂን መንገድ ዝናብ ከቆረጠው ሰንብቷል፤ እስኪከፈት ሠርጉ አይጠብቅም።

ጋሽ ታደሰ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "ልጄን በምን ዓይኔ ነው የማየው?" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመሬቱ። አንጀቴን በሉት። እኔ ነኝ በባዶ ሜዳ ተስፋ የሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

"እህቴ፣ ከቡናው ሌላ ምን ሥልጣን አለኝ?"

"ማሳደስ ትችላለህ፣ ግብር መክፈል ትችላለህ፣ ማከራየት..."

"ማከራየት?"

"ለዓመት ለሁለት ዓመት ታከራያለህ። እሱማ አስተዳደር ነው።"

ዘለልኩ! ሽማግሌዎቹ "ትግባበት" አሉ እንጂ "ትግዛው" አላሉም። ውሉ እዚያው ተጻፈ፣ እዚያው ምስክር ተጠራ። እኔም ፊርማዬን ከነጅራቷ ለቀቅኳት። ጋሽ ታደሰ ግንባሬን ሳሙኝ።

"ሙሽሮቹ መቼ ይገባሉ?" አሉኝ።

"ሽማግሌዎቹ ነገ ይዩት፤ ከዚያ በፈለጉት ቀን!"

"የሚኖርበት ሰው ካለስ?" አለች ሠራተኛዋ ውሉን እያየች።

"ዛሬውኑ ይወጣል" አልኩ፣ በወኪል ድምፅ።

እየዘፈንኩ ቤቴ ገባሁ። በሩን ስከፍት አልጋዬን አየኋት። እሷም ያየችኝ መሰለኝ። ብርድ ልብሴ፣ ኩባያዬ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለች ካፖርቴ... ለካ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበረ!

ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ፤ ሠርጉ አማረ፤ ሽማግሌዎቹ ምሰሶውን አንኳኩተው አመሰገኑ። እኔ አሁን ጋሽ ታደሰ ቤት ሙሽራው ለቆት በሄደው አልጋ ላይ ነው የምተኛው። እግሬ ይተርፋል። ነገሩን ለእትዬ ለማስረዳት ደወልኩ።

"እትዬ፣ ከቤት ተባረርኩ።"

"ማን አባቱ ደፍሮ?"

"ወኪልሽ።"

"ሥልጣኑ ነበረው?"

"ይህን ለማድረግስ ነበረው።"