ግድግዳው የተፈተነበት ቅዳሜ

[ቅዳሜ፣ ሰኔ ሰባት ቀን። የሚሸጥ ቤት ሳሎን። አንዱ ግድግዳ እስከ ወገቡ ድረስ ተቀብቶ ቀርቷል፤ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ጣሳው ላይ እንዳጋደመ ሄዶ አልተመለሰም። ባልየው ይህን ቤት ገና ከበሩ ወዶታል፤ ሚስቱም ወዳዋለች። ሚስቱ ግን ታላቅ ወንድሟ «አልፏል» ሳይል ውል አልፈርምም ብላ ልጇን ይዛ ቤት ቀርታለች። ወንድሟ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ትምህርት ቤት ውስጥ ፈተና ሲቆጣጠር የኖረ፣ ሰው ሁሉ «ፈታኙ» የሚለው ሰው ነው፤ እስካሁን የታየውን ቤት ሁሉ ጥሏል። ሻጯ አሮጊት ግቢው በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው መልስ ይጠብቃሉ። ሁለቱ ሰዎች እየተጨቃጨቁ ይገባሉ።]

ፈታኙ፦ ጫማህን አታውልቅ አልኩህ እኮ!

ባልየው፦ ወለሉ ተወልውሏል ጋሼ። ነውር ነው።

ፈታኙ፦ ለዚሁ ብለው ነው የወለወሉት! አንተ ጎንበስ ብለህ ክርህን ስትፈታ ጣሪያውን ማን ያየዋል?

ባልየው፦ እርስዎ።

ፈታኙ፦ እኔማ ካልሲህን እያየሁ ነው። አውራ ጣትህ ወጥቷል።

ባልየው፦ [አንዱን ጫማ አውልቆ፣ አንዱን እንዳጠለቀ ቀጥ ብሎ] አሁንስ ምን ይሻለኛል? መልሼ ላጥልቀው ወይስ ያኛውንም ላውልቅ?

ፈታኙ፦ እንደዚያው ሁን። ይልቅ ተራመድ፤ ወለሉ ዘንበል ካለ እግርህ ይነግርሃል።

ባልየው፦ [እያነከሰ ይሄዳል] ኧረ ጋሼ! በጣም ዘንበል ብሏል!

ፈታኙ፦ አላልኩህም? ወዴት?

ባልየው፦ ወደ መስኮቱ።

ፈታኙ፦ ዙርና ተመለስ እስቲ።

ባልየው፦ [ዞሮ ያነክሳል] ጉድ ነው! አሁን ደግሞ ወደ በሩ ዘነበለ!

ፈታኙ፦ የሚለዋወጥ ወለል! ስትመጣ አንድ መልስ፣ ስትመለስ ሌላ መልስ። እንዲህ ያለ ተማሪ አስተምሮኛል እኔን።

ባልየው፦ ጫማዬ ይሆን እንዴ?

ፈታኙ፦ ጫማህ ምን አደረገ? የሚሸጠው ጫማህ አይደለም!

ባልየው፦ [ግማሹን የተቀባ ግድግዳ እያሳየ] ይሄስ? ሳይጨርሱት ነው የተዉት።

ፈታኙ፦ እሱ ጨዋ ነው። የማያውቀውን ባዶ ትቶታል። እኔ የምጠረጥረው ጥግ ድረስ ሞልቶ የተቀባውን ነው።

[ወደ ኩሽና ያልፋሉ። ፈታኙ ቧንቧውን ይከፍታል። ውሃው ቷ ብሎ ይወርዳል። ወዲያው ይዘጋዋል።]

ባልየው፦ ደስ ሲል! ግፊቱ ጥሩ ነው።

ፈታኙ፦ ምን ጥሩ ነው? ገና እጄን ሳሳርፍበት መለሰ። ጥያቄውን ቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። ተነግሮታል።

ባልየው፦ ማን ነገረው?

ፈታኙ፦ [በመስኮቱ ወደ ሻጯ አፍጥጦ] ሴትዮዋ ናቸዋ።

[ሁለት መኝታ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ፤ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ፈታኙ በመጀመሪያው ክፍል ግድግዳው ላይ አፍንጫውን ይለጥፋል።]

ፈታኙ፦ ስንጥቅ! ከጣሪያው ተነስቶ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሩጥ፣ ከወዲያኛው ክፍል እይልኝ።

ባልየው፦ [አንድ ጫማውን እያስጮኸ ይሄዳል፤ በበሩ ብቅ ይላል] አለ ጋሼ!

ፈታኙ፦ ከየት ይነሳል?

ባልየው፦ [ይሄዳል፤ ይመለሳል] ከጣሪያው!

ፈታኙ፦ እንዴት ይወርዳል?

ባልየው፦ [ይሄዳል፤ እያለከለከ ይመለሳል] እየተጠማዘዘ!

ፈታኙ፦ ያዝኳቸው! ኮርጀዋል! ሁለት ክፍል፣ አንድ ዓይነት ስንጥቅ። ድንገት ነው ልትለኝ ነው?

ባልየው፦ ግድግዳው አንድ አይደለም እንዴ? እርስዎ በዚህ በኩል ያዩታል፣ እኔ በዚያ በኩል...

ፈታኙ፦ የተያዘ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው። «አንድ ላይ አጥንተን ነው።»

ሻጯ፦ [ከግቢው በር] ልጆቼ! ሌላ ገዢ ደውሏል፤ መንገድ ላይ ነው። ምን ልበለው?

ባልየው፦ [ላቡን እየጠረገ] ጋሼ፣ በሞቴ። የምንኖርበትን ቤት አከራያችን ለቃችሁ ውጡ ብሎናል። ይህም ካመለጠን ልጄን ይዤ የት ልገባ ነው? ዛሬ እንኳ አልፏል ይበሉልኝ።

ፈታኙ፦ የመጨረሻው ፈተና ይቀራል። የጠብ ፈተና።

ባልየው፦ እሱማ ሁሌም ይጥለናል። እርስዎ ከዚያ ይጮሃሉ፣ እኔ ከዚህ ሰማሁ እላለሁ፣ ቤቱ ይወድቃል።

ፈታኙ፦ ታዲያስ? ቤት ጸጥ ሲል አይታወቅም። ሲጣሉበት ነው የሚታወቀው። ጠብ የሚያሳልፍ ግድግዳ መጋረጃ ነው።

ባልየው፦ እሺ፣ ግን ድምፅዎ ዛሬ ሻክሯል። እኔ ልጩህና እርስዎ ያዳምጡ።

ፈታኙ፦ አንተ? አንተ ጠብ ታውቃለህ? ዶሮ እሽ ስትል እንኳ ይቅርታ ትጠይቃለህ እኮ!

ባልየው፦ እሞክራለሁ። ከማን ጋር ልጣላ?

ፈታኙ፦ ከእኔ ጋር ነዋ። ቀድሜ ይቅር ብዬሃለሁ። በሩን ዝጋና የመጣልህን በል፤ ባዶ እንዳትተው።

[ፈታኙ ወደ ወዲያኛው ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። ባልየው ብቻውን ይቀራል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኮሌታውን ያስተካክላል።]

ባልየው፦ [በቀስታ] ጋሼ... አይቀየሙኝና... [ትንሽ ጮክ ብሎ] ክፉ ሰው! [ራሱን ያዳምጣል፤ አልከፋውም] ክፉ ሰው! ለሠርጋችን ብለው መጡ! ለሠርግ የመጣ ሰው ድንኳኑ ሲነቀል ይሄዳል! ልጃችን ተወልዶ ጥርስ አበቀለ፣ እርስዎ ዛሬም «ሙሽራው» ይሉኛል! ያለችንን አንዲት መኝታ ቤት ይዘው፣ ሙሽራውና ሙሽሪት ሳሎን ፍራሽ ላይ! ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ገብተው፣ በር ቆልፈው ጋዜጣ ያነባሉ፤ እኔ ፊቴን የምታጠበው ጎረቤት ሄጄ ነው! ደግሞ ቤቶቹ ምንም አልጎደላቸውም! የሚጥሏቸው እኛ ከወጣን የት እንደሚገቡ ጨንቆዎት ነው! የራስዎ ቤት አለዎት እኮ! ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው! [ድምፁ ይሰበራል፤ መልሶ ይጮሃል] ባለቤትዎ እትዬ ካረፉ ወዲህ ባዶ ቤት መግባት ከበደዎት! ማን ይፈርድብዎታል? ከብዶኛል ይበሉና! እኛ አብረን እንሄዳለን፣ መስኮቱን እንከፍታለን፣ እሑድ እሑድ እየመጣን አብረን እንውላለን! ጨርሻለሁ!

[ባልየው ይወጣል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ፈታኙም መነጽሩን እየጠረገ ይወጣል።]

ባልየው፦ እንዴት ነው ጋሼ? ሰሙ?

ፈታኙ፦ ምንም።

ባልየው፦ ምንም?

ፈታኙ፦ ጭጭ። የሚገርም ግድግዳ ነው።

ሻጯ፦ [ከግቢው በር] ልጆቼ! ልግባና ላስታርቃችሁ?

ባልየው፦ እሳቸው ከዚያ ድረስ ሰምተዋል።

ፈታኙ፦ የአሮጊት ጆሮ ያልተባለም ይሰማል።

ባልየው፦ ወይም እኔ በደንብ አልጮህኩም። እዚሁ ፊትዎ ቆሜ ልድገምልዎ። ከሠርጉ ልጀምር?

ፈታኙ፦ አያስፈልግም! ደግሞም ጋዜጣ እዚያ የማነበው መብራቱ ስለሚሻል ነው!

[ባልየው ቀና ብሎ ያየዋል።]

ባልየው፦ ጋዜጣ ማን አነሳ ጋሼ?

ፈታኙ፦ [መነጽሩን ገልብጦ ያደርጋል፤ ያወልቃል] እሺ! ሰማሁ! አንድ ቃል አልቀረኝም! ይሄ ግድግዳ አይደለም፣ ወረቀት ነው! ወድቋል! አትገዛም!

ባልየው፦ ለምን?

ፈታኙ፦ ወዲያኛው ክፍል የሚተኛው ሰው ሁሉን ይሰማላ!

ባልየው፦ እኔና እህትዎ ልጃችንን ይዘን የምንተኛው እዚህ ነው። ወዲያኛው ክፍል የሚተኛው ማን ነው?

[ፈታኙ ወደ ወዲያኛው ክፍል በር ዞሮ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲጠይቅ የኖረ ሰው መልስ ይፈልጋል።]

ፈታኙ፦ ...ማንም።

ባልየው፦ ታዲያ ግድግዳው ምን አጠፋ?

ፈታኙ፦ ምንም። [ቁጭ የሚልበት ፈልጎ ያጣል] አልፏል በቃ። ግን ሙሽራው፣ እንዲህ ቀጭን መሆኑን አላወቅህም ነበር?

ባልየው፦ ትናንት ከእህትዎ ጋር መጥተን ሞክረነዋል። ሹክሹክታ እንኳ ያሳልፋል።

ፈታኙ፦ እያወቃችሁ ነው የመረጣችሁት?

ባልየው፦ ለዚሁ ብለን ነው የመረጥነው። ፊት ለፊት ልነግርዎ ስንቴ ሞክሬ አቃተኝ፤ ግድግዳ መሃል ሲገባ ግን ቀለለኝ።

ፈታኙ፦ [ግራ ገብቶት] እኔ ደግሞ አንተን ጅል ስል! የጋዜጣውን ነገር ግን አንተ አታስበውም።

ባልየው፦ እሱን እህትዎ ናት የጨመረችው። የእትዬን ግን እኔ ነኝ፤ ከልቤ ነው ጋሼ።

[ፈታኙ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ይወጣል። ሻጯ ፊት ቆሞ ኮፍያውን አንስቶ «አልፏል» ይላል። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ጥግ ያለው ሱቅ ይገባል፤ ወደ ራሱ ቤት ሲመለስ ፍራሹንና ሻንጣውን የሚያስርበት ገመድ ይጠይቃል። ባለሱቁ ከጥቅሉ ቆርጦ «ጠንካራ ነው፤ ጎትተው ይዩት» ይለዋል። ፈታኙ ሳይጎትተው ሒሳቡን ከፍሎ፣ ገመዱን በብብቱ ይዞ ይወጣል።]