ሳይቆጥሩ የማይፈርሙት አቶ ዱባለ

በአገራችን መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ከሕንፃው ቀድሞ የሚገኘው የንብረት ክፍል ኃላፊው ነው። ሰማይ ቢደፋ ሳይቆጥር አይረከብም፣ ሳያስፈርም አይሰጥም። ለአንድ ብሎን ሦስት ፊርማ ያልለቀመ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ሶዶ ዳር ከኮሪያዎች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያም ይህ በረከት አልቀረበትም። ክቡርነታቸው አቶ ዱባለ ይባላሉ። በየጠዋቱ ከአረካ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመጣሉ። የመጋዘኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። ኮሪያዊው መሐንዲስ ሚስተር ፓርክ ጓንት ሲጠይቃቸው እንኳ "መጀመሪያ አሮጌውን መልስ" ይሉታል።

የምርት ክፍል ኃላፊዋ ሊድያ ሳቋ ያለቀባት ረቡዕ ዕለት ነው። ዓርብ የመጀመሪያዎቹ መቶ የዝናብ መለኪያ ቦርዶች ይፈተናሉ። ካለፉ ሥራው ሶዶ ይቀራል፤ ከወደቁ ኮሪያዎቹ ወደ ሌላ ከተማ ይዘውት ይሄዳሉ፣ አርባ ሠራተኛም ቤቱ ይገባል። ቺፖቹ የደረሱት ደግሞ ገና የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር። ልትረከብ መጋዘን ስትገባ፣ አቶ ዱባለ አየር የማያስገባውን ማሸጊያ ሁሉ በመቀስ ቀድደው፣ ቺፖቹን እንደ ገበያ የቦይና ሥር መደብ መደብ አድርገው ይቆጥራሉ።

"ጋሼ ዱባለ! ምን ጉድ ሠሩኝ? ይሄ እኮ እርጥበት እንዳያገኘው የታሸገ ነው! እርጥበት ከጠጣ ብየዳ ላይ ይሰነጠቃል!"

"ሳልቆጥር ፈርሜ ነገ ቢጎድል፣ ልጄ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ እርጥበቱ?"

ሊድያ እንባዋ መጣ። ሚስተር ፓርክ ራሱን ይዞ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ቺፖቹን ሃያ አራት ሰዓት ምድጃ ውስጥ ከማድረቅ ሌላ መላ የለም፤ ያም ቢሆን ለዓርብ መድረሱ ያጠራጥራል። ሰውየው ከመጋዘን ይነሡልኝ ብላ ልትጽፍ ወረቀት ስታወጣ፣ አቶ ዱባለ "ቆይ፣ ቆይ" አሉ። "ብዛቱ ሙሉ ነው። ዕቃው ግን ያዘዝነው አይደለም። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥርና ቺፑ ጀርባ ላይ ያለው አይገጥምም።"

ሚስተር ፓርክ ብድግ ብሎ በአጉሊ መነጽር አየ። ደግሞ አየ። እውነታቸውን ነው፤ ማሸጊያው ውስጥ ያለው የሌላ መሣሪያ ቺፕ ነው። እንደታሸገ ወደ ማሽኑ ቢገባ ኖሮ መቶውም ቦርድ ይወድቅ ነበር፤ ጥፋቱም በሶዶ ልጆች ይላከክ ነበር። ወዲያው ኮሪያ ተደወለ። ላኪዎቹ ስሕተቱን አምነው ፈተናውን በሁለት ሳምንት ገፉት። ሊድያ ልትጽፍበት ያወጣችውን ወረቀት ቀድዳ ጣለች።

አዲሶቹንም ቺፖች አቶ ዱባለ ቆጠሩ፤ በዚህኛው ጊዜ እርጥበት በሌለበት ክፍል፣ ጓንት አጥልቀው። ጓንቱን ማን እንደፈረመላቸው አልታወቀም። መቶውም ቦርድ ፈተናውን አለፈ።

ሚስተር ፓርክ የዚያን ዕለት ሊድያን፣ ሶዶ በለመዳት አማርኛ፣ "እኛ አገር መጋዘንም እንደ እሳቸው ያለ ሰውዬ ነበረ" አላት።

"አሁንስ?"

"አምና ጡረታ አወጣነው።"

ሊድያ በቀጥታ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄዳ፣ ጋሼ ዱባለ ጡረታ ሊወጡ ስንት ዓመት እንደቀራቸው ጠየቀች። ስድስት አሏት። "ተመስገን!" ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።