የአንበሴ የሆድ ምርመራ

ውሻዬን አውቀዋለሁ የሚል ሰው፣ የውሻውን ሰገራ አስመርምሮ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው!

እኔም አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። አንበሴ የሚባል ውሻ አለኝ። ሶዶ ውስጥ እንደሱ የሚበላ የለም፤ እንደሱ የከሳም የለም። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ባለቤቴ አልማዝ ጣቷን የቀሰረችው ወደ እኔ ነው።

«ምሳውን የምትበላበት አንተ ነህ!»

«እኔ? የውሻ ምሳ?»

«ታዲያ የት ይገባል?»

እውነቷን ነው... የት ይገባል?

እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ወጣቷ ሐኪም ሆዱን ዳሰስ አድርጋ፣ «እንዲህ ከቀጠለ አይሰነብትም። ነገ ትኩስ ሰገራ ያምጡልኝ» አለችኝ። ደነገጥኩ።

እንግዲህ አስቡት... የጂኦግራፊ መምህር፣ በጠዋት፣ ፌስታል ይዞ ውሻ ሲከተል! አንበሴ ደግሞ ሰው እያየው አይሆንለትም፤ ጨዋ ነው። ዞር ስል ይቀመጣል፣ ስመለስ ይነሳል። ጎረቤታችን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው፣ በአጥር ብቅ አሉ።

«መምህር፣ ምን ጠፋብህ?»

«ኧረ ገና አልመጣም፤ እየጠበቅኩ ነው!»

መጣ! ከአልማዝ ጋር በባጃጅ ከነፍን። ሐኪሟ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ቆየችና ጮኸች።

«ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ! ወስፋት አለ፣ መንጠቆ ትል አለ፣ ኮሶም አለ! ሦስቱም በአንድ ሆድ! እንዲህ የተሟላ አይቼ አላውቅም!»

አነጋገሯ ሽልማት የደረሰኝ ነው የሚያስመስለው። እኔም ሳላስበው «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሆድና ግንባር አይሸሸግም ያለው ሰው አንበሴን አያውቀውም!

«አብሮት የሚተኛ ሰው አለ?» አለች ሐኪሟ።

ሶፋው ላይ የከሰዓት እንቅልፋችን... ሆድ ይፍጀው!

«አለ!» አለች አልማዝ፣ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች።

«እንግዲያው እሳቸውም ይመርመሩ።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከአንበሴ የተጋባብኝ አንድም የለም። ነገር ግን የራሴ፣ ከማንም ያልተዋስኩት ኮሶ ተገኘብኝ!

«ጥሬ ሥጋ ይበላሉ?» አለኝ ሐኪሙ።

ወላይታ መሐል ተቀምጦ እንዲህ ይጠየቃል?

ሁለታችንም መድኃኒታችንን ዋጥን። አንበሴ ሰውነቱ ተመለሰ፣ መጮህም ጀመረ። ጥሬ ሥጋ ግን ለእሱም ለእኔም ተከለከለ። ቅዳሜ አልማዝ ሥጋውን ቀቀለችው፤ ያለ ምሕረት ቀቀለችው። ከዚያ ለሁለታችንም አቀረበች።

አንበሴ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

እኔ ባለትዳር ነኝ... በላሁ።