የዊልያምስበርግ ከንቲባ

ሐበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ፣ አሜሪካን ሳያያት የሚያስተዳድራት አንድ ሰው አይጠፋም። ናይሮቢ አለ፣ ካርቱም አለ፣ ቤሩትም እንዳለ ሰምቻለሁ። ለኛ ለጆሃንስበርጎች የደረሰን ግን የባሰው ነው። ሌሎቹ ስለ ኒውዮርክና ስለ ዋሽንግተን ሲያወሩ፣ የኛው ሰው ትልልቅ ከተሞችን ይንቃሉ።

ክቡር ጋሽ ባፈና ለገሠ ጀፒ መንገድ ላይ፣ አንድ ያረጀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቀበቶና ካልሲ ይሸጣሉ። ከቀበቶዎቹ ኋላ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለቻቸው። ጥቅምት ሲመጣ ካልሲው ወደ ጎን ይገፋና ቦታው የዲቪ መሙያ ይሆናል። ከአሌክሳንድራም ከጻካኔም፣ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ያለ ሐበሻ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ፣ ጉርድ ፎቶውን ይዞ ይሰለፋል። ጋሽ ባፈና ይሞላሉ፤ እየሞሉም ያስተምራሉ።

“ትልቅ ከተማ ለቱሪስት ነው” ይላሉ ጣታቸውን አንስተው። “አሜሪካን የያዟት ትንንሾቹ ናቸው!”

ማስረጃ ጠይቋቸው። ሚኒሶታ ውስጥ ሮቸስተር የምትባል አለች፤ በእሳቸው አባባል ሐኪም ቤቱ ከከተማዋ ይበልጣል፣ የዓለም ንጉሥ ሁሉ ኩላሊቱን ይዞ የሚሄደው እዚያ ነው። ሄርሺ አለች፤ ቸኮሌት ናት። ፐንክሰታውኒ አለች፤ በዓመት አንድ ቀን ፍልፈል የመሰለች አውሬ ከጉድጓዷ ትወጣና ጥላዋን ካየች ብርዱ ይረዝማል ይባላል፤ ይህንን ለመስማት ባለሥልጣን ኮፍያ አድርጎ ይሰበሰባል። ጋሽ ባፈና ይህቺን አውሬ በጣም ያከብሯታል። የሙያ ጓደኛ አድርገው የሚያዩዋት ይመስለኛል።

የከተሞች ሁሉ እናት ግን ዊልያምስበርግ ናት፤ የቨርጂኒያዋ ሳትሆን የኬንታኪዋ። የዲቪ ጉዳይ የሚታየው እዚያ ነው። “ነዋሪዋ አምስት ሺህ ቢሞላ ነው” ይላሉ። “ከጻካኔ አንዱን ጥግ አታክልም። የዓለም ሕዝብ ግን ስሙን የሚልከው ወደ እሷ ነው።” የራሳቸውን ስም አሥራ ሁለት ጊዜ ልከዋል። አንድም ጊዜ መልስ አልመጣም። የዊልያምስበርግ ከንቲባ ያልናቸው ለማሾፍ ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመቱን ተቀበሉት።

ባለቤቴ ሰሎሜ ጻካኔ ውስጥ ስፓዛ አላት፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና ስኳር የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነው። ዲቪ በተሞላላት ዓመት ሁለት ጊዜ መሣሪያ ተደግኖባታል። እኔ ከተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቀን ደውዬላት ስልኳ ካልተነሳ ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን እረሳለሁ። ተማሪዎቼ “ሰር፣ እኩልታው አላለቀም” ይሉኛል። በፈረንጅ 2012 ግንቦት ላይ ጋሽ ባፈና የሞሉላት ዲቪ ሲደርሳት፣ ትሮይቪል ያለችው ቤታችን ወለል ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን።

ፎርሙን ሞልተን ኬንታኪ ላክን። ከዚያ በኋላ የከንቲባው የስልክ መግለጫ ጀመረ።

“ዛሬ ዊልያምስበርግ በረዶ ጥሏል። ሠራተኛው አይገባም፤ አትጠብቁ።”

“ጋሼ፣ መጣሉን በምን አወቁ?”

“ኢንተርኔት ለጌጥ መሰለህ?”

በማግስቱ ደግሞ፣ “በረዶው ቀልጧል፤ ዛሬ ፋይል ያያሉ።” አንዳንዴ በዓል ነው፣ አንዳንዴ ጎርፍ ያሰጋል። ሰሎሜ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ወራቱ ሲረዝሙ ግን ጠዋት ሱቅ ከመክፈቷ በፊት “ጋሽ ባፈና ደወሉ?” ማለት ጀመረች። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ያላየኋት ከተማ ላይ ደመና መጣ ሲባል የቀረውን ቀን እቆጥር ነበር።

የሰሎሜ የዲቪ ተራ ቁጥር ሩቅ ስለነበር ቃለ መጠይቁ የተሰጠን በፈረንጅ 2013 ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ሴፕቴምበር ሠላሳ ካለፈ ዕድሉ ይሞታል፤ ቪዛ ያልያዘ ዜሮ ነው። ልንቀርብ አንድ ሳምንት ሲቀረን ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለመጨረሻ ጊዜ አመሳከርኩ። ፓስፖርቷ ልደቷን ማርች 12 ቀን 1984 ይላል። የዲቪው ፎርም ቀን 3፣ ወር 7፣ ዓመት 1976 ይላል።

መጋቢት ሦስት፣ ሰባ ስድስት። በኛ አቆጣጠር!

ይህን ወረቀት እኔ የሒሳብ አስተማሪው ሃምሳ ጊዜ አይቼዋለሁ። ኬንታኪ የላክነውንም ፎርም የሞላሁት ከእሱ ገልብጬ ነው። ዓይናችን ሐበሻ ነውና የለመደውን ቁጥር ሲያይ እውነት መሰለው። ለፈረንጅ ግን ያቺ ቁጥር ሌላ ሴት ናት፤ በጁላይ የተወለደች፣ ሚስቴን በስምንት ዓመት ገደማ የምትበልጥ።

“ስምንት ዓመት?” አለች ሰሎሜ። “ጻካኔ ያስረጀኝ አልበቃ ብሎ?” ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ወረቀቱን ግን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ወደ ጀፒ በንዴት ሄድኩ። ጋሽ ባፈና ተሳስተው አያውቁም። ይዘንባል ብለው ካልዘነበ የተሳሳተው ሰማዩ ነው። የሚሰጡኝን ሰበብ ደረጃውን ስወጣ በልቤ ደርድሬ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱን አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ጠርገው እንደገና አደረጉ።

“የፍልፈሏን ነገር እያወራኋት ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “እሷ ልደቷን ስትነግረኝ ወደ ፈረንጅ ሳልመልሰው ጻፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።”

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“ወረቀት አምጣ። በእንግሊዝኛ አሳምረህ ጻፍ፤ ቃሉ ግን የኔ ይሁን።”

እሳቸው እየተናገሩ ጻፍኩ። እኔ ባፈና ለገሠ፣ ሴትዮዋ ልደቷን በትክክል ነግራኛለች፤ አዛብቼ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አልዋሸችም። ጎናቸው ብርድ ልብስ የሚሸጠው ደሳለኝ ሥራውን ትቶ መጣ።

“ኤይሽ፣ ጋሽ ባፈና! ደላላ ነው ብለው ይመዘግቡዎታል እኮ! ሁለተኛ ዲቪ አይደርስዎትም።”

እኔም ፈራሁላቸው። “ስምዎን ባንጽፈውስ?” አልኳቸው።

“ባለቤት የሌለውን ደብዳቤ ማን ያምነዋል?” አሉ። ሙሉ ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ የጥገኝነት ወረቀታቸውን ቁጥር አስጻፉኝ። ሲፈርሙ ግን ብዕሩን አንስተው ትንሽ ቆዩ፤ አየኋቸው። ከዚያ ፈረሙ።

የቀጠሮው ቀን ሳንድተን ካለው የአሜሪካ ቆንስላ ማዶ፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከኔ ቀድመው ቆመው አገኘኋቸው። እኔን አሻራዬን ተቀብለው ቶሎ መለሱኝ፤ ሰሎሜን ግን አስቀሯት፤ እኔና እሳቸው ውጭ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ስለ አንድም ከተማ አላወሩም። እንዲያወሩ ለመንኳቸው፤ “ስለ ሄርሺ ይንገሩኝ እስቲ” አልኳቸው። “ቸኮሌት ነው” ብለው ወደ ቆንስላው በር ዞሩ።

ሰሎሜ ወጣች፤ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። “ቆንስሏ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ‘እናንተ አገር አሁን ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?’ አለችኝ። ሁለት ሺህ አምስት አልኳት። ‘ኬንታኪ ልኬ አጣራለሁ፤ ጠብቂ’ አለችኝ።”

ጠበቅን። የአየር ሁኔታ መግለጫው ተቋረጠ። ከንቲባው አይደውሉም፣ ስንደውልም አያነሱም። ያን ሁሉ ወር የቀለድኩበት ድምፅ ሲጠፋ ቤቱ አስፈራኝ። በረዶም ሆነ ጎርፍ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ቢለኝ ብዬ ተመኘሁ። ሴፕቴምበር ሃያ አለፈ፣ ሃያ አራት አለፈ። ሃያ ስድስት ላይ ቪዛ የተመታባቸው ሁለቱ ፓስፖርቶቻችን መጡ።

ወደ ጀፒ ሮጥኩ። ጋሽ ባፈና ፓስፖርቱን ገልጠው አዩት፣ መርቀው መለሱልኝ። ከዚያ ቀበቶ እያስተካከሉ፣ እንደ ዋዛ፣ “ደብዳቤዬን መለሱላችሁ?” አሉኝ።

“አልመለሱትም። ኬንታኪ ፋይሏ ውስጥ ገብቷል።”

“ዊልያምስበርግ?”

“ዊልያምስበርግ።”

ራሳቸውን ነቀነቁና ደንበኛ ሊያስተናግዱ ዞሩ። እንደምወዳቸው ያወቅሁት ስወርድ ደረጃው ላይ ቆሜ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያስቁኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት መጣ፣ ካልሲው ወደ ጎን ተገፋ። ከመሄዳችን በፊት የእሳቸውን ፎርም እኔ ልሙላ ብዬ ወንበራቸውን ወረስኩ። ስማቸውን ስጽፍ ደሳለኝ ከብርድ ልብሱ መሐል አንገቱን ነቀነቀ። ልደታቸውን ጠየቅኳቸው፤ ወደ ፈረንጅ መለስኩት፣ በጣቴ ቆጠርኩት፣ እንደገና ቆጠርኩት። ከኋላዬ ቆመው ትከሻዬን ያዙ።

“ቀስ ብለህ ጻፍ” አሉኝ። “እዚያ ያሉት ሰዎች አሁን ያውቁኛል።”